ውድ ሳለ የሚገዙ ሰው

እያንዳንዱ የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ማንኛውም ነገር ዋጋው ሰማይ በነካበት ሰሞን ሄዶ የሚገዛ አንድ ሰው አለው። ሌሎቻችን እጃችንን ኪሳችን ውስጥ ከትተን «ቆይ፣ ይውረድ» ስንል እሱ ካርቶን አሸክሞ በመሃላችን ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለው ሰፈር ካለ አዝንለታለሁ፤ ነገር ሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰው እዚያ ነው። የእኛ ሰፈር፣ ኮልፌ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ፣ በዚህ በኩል ታድሏል። የእኛው ሰው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው።

ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም «ማርከሻው» ነው። ማርከሻ ድሮ የመርዝን ወይም የመድኃኒትን ኃይል የሚያጠፋ ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ዋጋ የሚያረክስ ሰው ማለት ሆኗል። ጋሽ ወንድይፍራው አንድ ዕቃ በገዙ በዓመት በሁለት ዓመቱ፣ አንዳንዴም በመንፈቁ፣ ያ ዕቃ ይረክሳል። ይህን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ከእኛ አንዱ ዕቃ ሲያምረው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን አይደለም። «ጋሽ ወንድይፍራው ገዝተዋል?» ይላል። ካልገዙ ይጠብቃል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋጋነሽ ይባላሉ። ስም አውጪው በዚህ ትዳር ውስጥ ስለ ዋጋ የሚጨነቀው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ነገሩ የተጀመረው በሶላር ነው። መብራት እንደ እንግዳ መጣ ሄድ በሚልበት አንድ ዓመት ጋሽ ወንድይፍራው ለቤት ማደሻ ያስቀመጡትን ብር አንስተው ሶላር፣ ባትሪና ኢንቨርተር አስገጠሙ። ያኔ ሶላር የሚያስገጥመው ትልቅ ሆቴል ወይም ኤምባሲ ነበር እንጂ የኮልፌ ዳቦ ጋጋሪ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ጣራ ላይ ሲወጡ የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ ያያል። እሳቸው ከታች ቆመው በጣታቸው እየጠቆሙ ያስረዱናል፤ ይህ ፀሐዩን ይይዛል፣ ያ ያጠራቅማል፣ ይሄኛው ደግሞ ይለውጣል። ጎረቤታችን ጉተማ ስንት እንዳወጡ ጠየቃቸው። ነገሩት። ጉተማ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

ጉተማ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ጥንቃቄው የታወቀ ነው፤ ሙዝ ሲገዛ እንኳ ቢፈቀድለት ልጣጩን ገልጦ ያይ ነበር። ያን ቀን ሲነሣ ለእኔ በጆሮዬ «ይጠብቁ የሚላቸው ዘመድ የላቸውም እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር የእሳቸው ቤት ብቻ እንደ ሰርግ ቤት ያበራል፤ እኛም ስልካችንን ይዘን እንሰለፋለን። ወይዘሮ ዋጋነሽ ሳሎናቸው የስልክ ማደሪያ መሆኑን አልወደዱትም፤ ግን አላባረሩንም። ብዙም ሳይቆይ ሶላር በአጠና ተራ መደርደሪያ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ አጠና ጎን ተደግፎ እንደ ቆርቆሮ በየዓይነቱ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው እሳቸው ከገዙበት ጋር ሲተያይ ያስቃል። እኔም ያኔ ገዛሁ። የሚገርመው፣ ጣራዬ ላይ ወጥተው ወደ የት ማዘንበል እንዳለበት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን የጎረቤት ፎቅ ጥላ ከሰዓት በኋላ ይሸፍንባቸው ስለነበር የእኔ እንዲያ እንዳይሆን አጥብቀው መከሩኝ። ባለቤቴ ራኬብ ከታች ሆና መሰላሉን ይዛ ነበር፤ በኋላ «እኚህ ሰው አይናደዱም?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚናደድ ሰው ጣራ ላይ አይወጣልንም አልኳት። 

ቀጥሎ መኪናው መጣ። የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ በተከለከለበት ሰሞን፣ ሌላው ሰው ገና ስለ ነገሩ ሲከራከር፣ ጋሽ ወንድይፍራው በኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳያሰሙ ሰፈር ገቡ። ድምፅ ባለማሰማታቸው ሦስት ዶሮዎችና አቶ ዳባ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ደንግጠው ከመንገድ ዘለሉ። መኪናውን ቻርጅ የሚያደርጉት ከሳሎን በመስኮት በወጣ ገመድ ነው። በዚያ ሰሞን መኪናው ሲሞላ ምጣድ ስለማይሠራ ወይዘሮ ዋጋነሽ በየጠዋቱ ዛሬ የሚበላ ነው ወይስ የሚነዳ ብለው ይጠይቁ ነበር።

በዚህ ጊዜ ጉተማ የጋሽ ወንድይፍራው የቅርብ ወዳጅ ሆነ። እሳቸው ወደ ቤቴል ሲሄዱ ይሸኛቸዋል፣ ወደ አስኮ ሲወጡ አብሯቸው ይወጣል፣ ዝናብ መንገዱን ወንዝ ባደረገበት ቀን እንኳ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ዳገት ላይ ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ፣ ሆዱ ኮብልስቶን ይነካ እንደሆነ፣ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁሉንም አየ። አንድ ቀን መኪናው ባትሪው አልቆ መሃል መንገድ ላይ ሲቆም እየገፋ የመለሳቸውም እሱ ነው፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ በደግነቱ አመሰገነው። ሁለት ክረምት አልፎ ሻጮቹ ሲበዙ፣ ባትሪው ትልቅ ዋጋው ትንሽ ሲሆን፣ ጉተማ አሮጌ ሚኒባሱን ሸጦ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ገዛ። በመጀመሪያው ቀን ያመጣው ጋሽ ወንድይፍራው በር ላይ ነው። እሳቸውም ዞረው ዞረው አይተው መረቁት። ዛሬ ጉተማ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሲወራ የሌላ አገር ወሬ እንደሚሰማ ሰው ፈገግ ይላል።

እስከዚህ ድረስ ማርከሻው ሠርቷል። ያልሠራው ምድጃው ላይ ነው።

ዳቦ ቤቱ በእንጨት ነበር የሚጋግረው። ጋሽ ወንድይፍራው ስለ ዓለም አየር ንብረት ብዙ አያወሩም፤ ስለዚህ ነገር ከአፋቸው የሰማሁት «ጭስ አልወድም» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለቱ ጋጋሪዎቻቸው ዓይናቸው ቀልቶ ነው የሚውሉት፤ እሳቸውም ወጣት ሳሉ እንደዚያው ሆነው ነው ያደጉት። ስለዚህ የእንጨት ምድጃውን አፍርሰው ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ በቶርኖ ቤት አሠሩ። የቶርኖ ቤቱ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው አያውቁም። በእሳቸው ብር ተማሩ ማለት ይቻላል፤ በሩ ሦስቴ ተበየደ። የየሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪዎች መጥተው አዩ፣ ዳቦውን ቀመሱ፣ አደነቁ፣ ከዚያ እንደ ልማዳችን «ትንሽ እንጠብቃለን» ብለው ሄዱ።

ጠበቁ። ምድጃው አልረከሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ላሜራው ጨመረ፣ ከውጭ የሚመጣው ማሞቂያ ሽቦ ጨመረ፣ የበያጁ ቀን ክፍያ ጨመረ። ሰፈሩ ግራ ገባው። እኔ ቆይቼ እንደተረዳሁት፣ ሶላሩና ባትሪው የረከሱት በእኛ ማርከሻ አልነበረም። እነዚያን ዓለም በሙሉ ይገዛቸዋል፣ ፋብሪካ እንደ ብስኩት ያወጣቸዋል፤ በበዙ ቁጥር አሠራሩም ይቀላል። የኮልፌን ምድጃ የሚገዛው ግን የኮልፌ ሰው ነው፤ የኮልፌ ሰው ደግሞ እየጠበቀ ነው።

ይባስ ብሎ መብራት ምድጃው ሙሉ ሊጥ ይዞ ሳለ ይሄድ ጀመር። ሶላሩ አምፖልና ስልክ ይችላል እንጂ ምድጃ ሲያይ ይወድቃል። ግማሹ የበሰለ ግማሹ ያልበሰለ ዳቦ በማዳበሪያ እየተሞላ ለከብት አርቢዎች ሄደ። ለምድጃው የሚሆን ጠንካራ መስመር እስኪዘረጋ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ ጋጋሪዎቹ ሌላ ሥራ ፈለጉ፤ እኛም ዳቦ ፍለጋ እስከ ቤቴል መሄድ ጀመርን። ጋሽ ወንድይፍራው በተዘጋው በር ፊት ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላሉ፤ እኛ ግን አፍረን ፈጠን ብለን እናልፋለን። ሰውነታቸው ሲቀንስ ታየን። ወይዘሮ ዋጋነሽ የወርቅ ሀብላቸውን አውጥተው ሽጠው ነው ያን ጊዜ ቤቱን ያቆዩት።

መስመሩ ተዘረጋ፣ ዳቦ ቤቱ ተከፈተ፣ ምድጃውም እስከ ዛሬ ደህና ይጋግራል። ነገር ግን ወይዘሮ ዋጋነሽ ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት አዲስ ነገር እንደማይገባ ተናገሩ። ቁጣ አልነበረበትም ይላሉ የሰሙት። ጋሽ ወንድይፍራውም «እሺ» አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ።

ሰፈራችን መከራ ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ለቤት የሚሆን አዲስ ዓይነት የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ገባ፤ ማንም አልገዛም። ሰው ሱቁ በር ላይ ይመጣል፣ ያያል፣ ጋሽ ወንድይፍራው እንዳልገዙ ያረጋግጣል፣ ይመለሳል። ባለሱቁ ይህን ሰፈር ምን ነካው እያለ ከእኛ ጋር ተጣላ። አንዴ ጉተማ እሳቸውን ለሽርሽር ነው ብሎ በዚያ ሱቅ በኩል ሁለት ጊዜ አመላልሷቸዋል። እሳቸው በመስኮት አይተው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ መኪናውን አቁም አላሉም።

በዚህ መሃል የእኔ አጥር ወደቀ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ጣለው፤ በቆርቆሮ ሸፍኜ ከረምኩ። ሲሚንቶ በዚያ ዓመት የሚቀመስ አልነበረም። ከአስኮ ወዲያ፣ ወደ ቡራዩ መውጫ፣ ያደሳ የሚባል ሰው አፈር በማሽን ጨምቆ ጥቂት ሲሚንቶ ብቻ የሚገባበት ብሎኬት እንደሚሠራ ሰማሁና ሄድኩ። ያደሳ እጁ ቀይ አፈር የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ብሎኬቱ ያምራል፣ ዋጋው ግን ከተለመደው ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ሳይሸሽግ ነገረኝ። አንድ ሰው ያዛል፣ እሱ የቀን ሠራተኛ ይሰበስባል፣ ማሽኑን ያስነሣል፤ ከዚያ ሠራተኛው ይበተናል፣ ማሽኑም እስከሚቀጥለው ሰው ይቆማል። ገዢው ተከታትሎ ቢመጣ ዋጋው ከሲሚንቶው በታች እንደሚሆን አስልቶታል። «ሁሉም ክረምት አልፎበት ሲቆም እናየዋለን ይላል» አለኝ። «የማን ግንብ ላይ ሊያዩት እንደሆነ ግን አይነግሩኝም።»

ወደ ሰፈር ተመልሼ አወራሁ። ጉተማም ማስገንባት የሚፈልገው ክፍል ነበረው፤ አቶ ዳባም ለእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ ቤት ሲያስቡ ከርመዋል። ሁላችንም ብሎኬቱን ወደድነው። ማን መጀመር እንዳለበትም አላጠያየቀንም። ችግሩ የወይዘሮ ዋጋነሽ ክልከላ ነበር። ስለዚህ፣ በኮልፌ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ አንድ ሰው ዕቃ በውድ እንዲገዛ ይፈቀድለት ዘንድ ሽማግሌ ተላከ።

አቶ ዳባ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት፣ እኔና ጉተማ ከኋላ ሆነን ገባን። ወይዘሮ ዋጋነሽ አክብረው አስቀመጡን፤ ለማን ልጅ እንደመጣን ጠየቁ። አቶ ዳባ ስለ ጎረቤትነት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ጋሽ ወንድይፍራው ሰፈሩን ያቀኑ ሰው መሆናቸውን፣ አሁን ግን ሰፈሩ እንደቆመ፣ ብሎኬቱም እጅግ መልካም እንደሆነ በየተራ አስረዱ። ጋሽ ወንድይፍራው ጥግ ላይ ተቀምጠው ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሁሉ ያዳምጣሉ። ብሎኬት የሚለው ቃል ሲነሣ ግን ቀና ማለታቸውን አይቻለሁ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙ። የዳቦ ቤቱ የአጥር ጎንም ያዘመመ መሆኑን፣ እሱን መሥራት ግዴታ እንደሆነ አልካዱም። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ሦስታችንንም በየተራ አዩን።

«እሺ፣ እሱ ይግዛ» አሉ። «ሁለተኛው ማን ነው?»

አቶ ዳባ የጣራውን ኮርኒስ መመልከት ጀመሩ። ጉተማ ስልኩን አውጥቶ ተሳፋሪ እንደሚጠብቀው የሚያስመስል ፊት አሳየ። እኔ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ዞር አልኩ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ እኛ አፍረው እንደሆነ ያስታውቃል። ያን ፊት ባላይ ኖሮ ዝም እል ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ወዲያው አላመኑኝም። «ራኬብ ታውቃለች?»

«ዛሬ ትሰማለች።»

ሰማች። ያን ምሽት ስለተነጋገርነው ነገር እዚህ አልጽፍም።

በማግስቱ ጋሽ ወንድይፍራው ከእኔ ቀድመው ተነሥተው በሬን አንኳኩ። ያደሳ ጋ አብረን ሄድን። እሳቸው ብሎኬቱን በጣታቸው ይጫናሉ፣ በድንጋይ ያንኳኳሉ፣ አንዱን በርሜል ውስጥ ነክረው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ያደሳን በጥያቄ አደከሙት። ጋሽ ወንድይፍራው በተዘጋው ዳቦ ቤት በር ወንበር ላይ ካሳዘኑን ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከሩቅ ተሰማ። ሁለት ትእዛዝ ባንዴ ስለሆነለት ያደሳ ትንሽ ቀነሰልን፤ ቢሆንም ከሲሚንቶው ይበልጥ ነበር። ሁለቱም ግንብ በበጋው ተሠራ። ከታች ጥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ ሰፋ ያለ ክፈፍ እንዲኖረው ጋሽ ወንድይፍራው ነገሩኝ። ክፈፉን ሠራሁ፤ መሠረቱ ላይ ግን ቆጠብ አልኩ። የራሴን ጥበብ ልጨምርበት ብዬ ነው።

ክረምቱ ገባ። በየጠዋቱ ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የእኔን ግንብ ዞረን እናያለን፣ ከዚያ የእሳቸውን። ሰፈሩ በየመስኮቱ ሆኖ ይከታተለናል። የእሳቸው አንድ ጭረት አልነካውም። የእኔ አንድ ጥግ ላይ፣ መሠረቱ ዝቅ ባለበት በኩል፣ ውሃ እየበላው ሄደ። አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ደስ ያላቸው መሰለኝ። ያደሳን አስጠርተው ጎንበስ ብለው አሳዩት፤ እሱም ቆፍሮ ድንጋይ አስገባልኝ፣ ከዚያ በኋላ ብሎኬት የሚገዛው ሁሉ መሠረቱን መጀመሪያ ካላሳየው እንደማይሸጥለት ተናገረ። በእኔ ጥግ ብዙ ሰው ተማረ።

ጥቅምት ላይ ግንቦቹ ቆመው ሲታዩ ጉተማ አዘዘ። አቶ ዳባም ለእድሩ አዘዙ፣ ከቤቴልም ገዢ መጣ። የያደሳ ማሽን ሳያቋርጥ መሥራት ጀመረ፤ ሠራተኞቹም አልተበተኑም። ዋጋው ከሲሚንቶ ብሎኬት በታች ወረደ። የእኔ ግንብ ጥግ ላይ ቆመን ጉተማ በስንት እንደገዛ ነገረኝ። ከዚያ በወዳጅነት ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ትንሽ ብትጠብቅ ኖሮ በዚህ ታገኘው ነበር» አለኝ።

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ጋሽ ወንድይፍራው አጠገባችን ነበሩ። አብረውኝ እንዲናደዱልኝ ወደ እሳቸው ዞርኩ። እሳቸው ግን ጉተማን ከልቡ ሊያውቅ እንደሚፈልግ ሰው ያዩታል።

«እሱ ቢጠብቅ ኖሮ» አሉ፣ «አንተ ምን ትገዛ ነበር?»

  ጉተማ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ነው ይህን ሰው ሰፈራችን ለምን እንደሚወደው ለራሴ የነገርኩት። በየዕቃው ላይ ልንከፍለው የሚገባንን የመማሪያ ብር ብቻቸውን ሲከፍሉልን ኖረዋል፤ እኛም ስም አውጥተን ስንስቅባቸው። ይህን በአንደበቴ ልነግራቸው ግን አልቻልኩም። እሳቸውም ጊዜ አልሰጡኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ መጡ። ከአስኮ በላይ አንድ ክሊኒክ ለመታጠቢያና ለልብስ ማጠቢያ ውሃ በፀሐይ የሚያሞቅ አዲስ ማሽን እንዳስገጠመ ሰምተዋል። የሠራው ደግሞ እዚሁ አገር ያለ ሰው ነው፤ እስካሁን የሠራውም ያን አንዱን ብቻ ነው። መኪናው ተሞልቶ ቆሟል፤ ሊያዩት እየሄዱ ነው።

«ውድ ነው?» አልኳቸው።

«በጣም» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

ጫማዬን አደረግሁ። ስንወጣ ወይዘሮ ዋጋነሽ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሁለታችንንም አዩን።  እኛን ትተው ወደ አጥራችን ተጠጉና በላዩ አንገታቸውን አውጥተው ራኬብን ነው የጠሯት፤ ይህኛውን ቀድማ እንድትሰማ።